ፍራሹ መሬት የወረደ ቀን

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ ማይኩን እንዴት እንደፈሩት ይንገሩን» እያሉ ያስቸግሩኛል። ገና ስጀምር ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም።

ፊደል ባልቆጥርም ሙሾ አውጪ ነበርሁ። ሰው ሲሞት ከቡሬ ድረስ እየመጡ ይወስዱኝ ነበር። አንዱ ስስታም ሲሞት ለጋስነቱን ባወጣሁለት ጊዜ ዘመዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እሱስ ሌላ ወግ ነው።

ትልቋ የልጅ ልጄ «ድምፅዎ ሳይጠፋ ልቅዳው» ብላ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ዕቃዋን ዘረገፈች። ያኔ መንገዱ የሚዘጋ የሚከፈትበት ሰሞን ነበር። አባቷ፣ አንድዬ ልጄ፣ የጭነት መኪናውን ይዞ ቡሬ ወርዷል፤ ስልኩም አልሠራ ብሏል።

ድምፁ እንዳያስተጋባ ብላ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደችው። ፍራሹን ከአልጋ አውርዳ እሱ ላይ አስቀመጠችኝ። ቤቱ ጨለመ። ዙሪያዬን ባይ፣ ለካ የለቅሶ ቤት ነው! የቀረው ሟች ብቻ።

«ልጄ፣ ፍራሽ መሬት የሚወርደው ሰው ሲሞት ነው።»

«እምዬ ደግሞ! ድምፅ እንዲውጥ እኮ ነው።»

«ማንን እንዲውጥ?»

ማይኩን በእግሩ አቁማ ወደ አፌ አስጠጋችው። ገመዱን ከአንዲት ትንሽ ሳጥን፣ ሳጥኗን ከኮምፒውተሩ ሰካች። ሳጥኗ ድምፅ አሻጋሪ ናት አለችኝ። «ማይኩ መብራት ካላገኘ አይሰማም» ብላ ቁልፍ ብትጫን ቀይ መብራት በራ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ስትደፋብኝ ደግሞ የገዛ ትንፋሼ ከውጭ መጣብኝ፤ አጠገቤ ሌላ ሰው የሚያጣጥር መሰለኝ።

«በሉ ያውጡ። አንድ ግጥም ብቻ።»

«ሬሳ በሌለበት? ሙሾ እኮ የሞት ጥሪ ነው! አባትሽ መንገድ ላይ ነው።»

«አባዬ ይመጣል። ለድሮ ሟች ያልቅሱ።»

የሞተ ወንድሜን አሰብሁ። አፌን ስከፍት ግን ምላሴ ሌላ አወጣ፦

የሄደበት መንገድ ጥርጊያ ነው አሉኝ፣
ምነው የሚመለስ አንድ ሰው አጣሁኝ።

መንገድ! ከቃል ሁሉ መንገድ! ሳጥኗም ቦግ አለች።

«ጮኹበት፣ በዛ። ልቀንሰውና እንደገና ይበሉት።»

እንደገና! ማዳመጫውን ወርውሬ፣ ነጠላዬን እየጎተትሁ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ባጃጁም ጋሪውም ያልፋል፤ እኔ የወጣውን ቃል መልስልኝ እያልሁ አምላኬን እለምናለሁ። የሚያልፍ መኪና ሁሉ ሬሳ የጫነ ይመስለኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የልጄ መኪና አቧራዋን ለብሳ ከች አለች። ሲወርድ ዘልዬ አንገቱን አንቄ ሳምሁት። እሱ ግን እንባዬን አየና እኔን ትቶ፣ ተከትላኝ የመጣችውን ልጁን «አለቀሰች?» አላት።

«አንድ ግጥም ብቻ» አለችው።

እኔ እንባዬን የጠየቀ መስሎኝ ነበር። ማይኩን ገዝቶ የሰጣት እሱ ራሱ እንደነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። «እናቴ የሞተች ቀን እሷን የሚያህል አልቃሽ ከየት ይመጣል? ለራሷ ራሷ ታልቅስ» ብሏት ኖሯል።