እናቴ የተኛችበት ጳጉሜ

ዝናብ የነካው የበግ ጠጉር በሸተተኝ ቁጥር ሞላሌ አጠገብ ያለው የልጅነት ቤቴና ያ ክረምት ይመጡብኛል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲያርስ፣ እናቴ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሸምኑ ሰዎች ጠጉር እየፈተለች፣ እኔንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼን እያሳደገች ትኖር ነበር እንጂ በቀን ጋደም ስትል አይቻት አላውቅም።

በሐምሌ፣ እርጉዝ ሆና ሰባተኛ ወሯን ይዛ ሳለ፣ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። የቀበሌያችን የጤና ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ለካቻትና «ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ሥራውን ትተው ይረፉ፤ ራስዎን ካመመዎት ወይም ዓይንዎ ብዥ ካለብዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይምጡ» አለቻት። እናቴ እሺ ብላ ሸኘቻትና እንዝርቷን አነሳች።

ነሐሴ ሲገባ ይባስ ብላ «ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ ቤቱ ሳይለቀለቅ፣ ጠላው ሳይጠነሰስ እንዴት ብዬ ልተኛ?» ትል ጀመር። አንድ ቀን ግድግዳ ስትለቀልቅ ጭቃው ከእጇ ወድቆ፣ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት። «ራሴን ነው፤ ያልፋል። ለአባትሽ እንዳትነግሪ፤ እርሻውን ጥሎ እኔን ሲጠብቅ ይውላል» አለችኝ። አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ውሃ ቀድቼ ስመለስ ደጅ ቆሜ ድምፅዋን ሳልሰማ አልገባም ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት ረፋድ፣ ደጃፍ ተቀምጣ ስትፈትል በድንገት እንዝርቷን በእጇ ትዳብስ ጀመር።

«ምነው ጨለመ?» አለችኝ።

ሮጥኩ። «ተመለሺ!» ስትል ሰማኋት፤ አልተመለስኩም። አባቴ ማሳው ላይ አረም ይነቅል ነበር። «እማዬ ማየት አቃታት! ስንት ቀን ራሷን ሲያማት ነበር፤ እኔ ነኝ የደበቅኩት!» አልኩት። ጎረቤቶቹን ጠራና ጤና ጣቢያ ሊወስዷት በቃሬዛ አነሷት።

መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ነበር። ቃሬዛውን ዳር ላይ አስቀምጠው ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ፣ አባቴ መሐል ላይ ጫፉ ብቻ ከሚታየው ድንጋይ ዓይኑን አልነቀለም፤ እኔ የእናቴን እጅ ይዤ ነበር። «ለምን ነገርሽው?» አለችኝ። ወዲያው መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቴ «እንግባ!» ብሎ ጮኸ። ስድስት ወንዶች ቃሬዛውን በትከሻቸው አድርገው፣ ውሃው ደረታቸው ላይ እየደረሰ፣ አንዱ ሲንገዳገድ ሌላው እየደገፈው ተሻገሩ። እኔ ከወዲህ ቀረሁ።

አራት ቀን ወሬ ጠፋ። ጳጉሜ ሲጠባ አባቴ ብቻውን መጣ። «አለች፤ ሴት ልጅም ተገላግላለች» አለን።

ለዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ሲቀር ሕፃኗን ይዛ መጣች፤ ዓይኗም ተመልሶላት ነበር። ሐኪሙ ተኚ ስላላት ተኛች፤ ግድግዳው ግማሹ እንደተለቀለቀ፣ ጠላም ሳይኖር ዓመቱ ተለወጠ። አባቴ የሠራው ሽሮ ጨው ቢበዛበትም ሁላችንም በላነው። አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ አጠገቧ አስተኝታኝ ራሴን እየደባበሰች «እንኳን ነገርሽው» አለችኝ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የዓመቱ ማብቂያ ሥራ የሚበዛበት ነው፤ ጳጉሜ ሲገባ ግን ማሽኑን ሸፍኜ፣ የቀረውን ከበዓል በኋላ እላለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣል። እናቴ ያን እረፍት ያገኘችው በስድስት ሰው ትከሻ ወንዝ ተሻግራ ነበር፤ እኔ በሬን ዘግቼ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ እተኛለሁ።