ትራስ ይዛ የምትመጣው

የክሊኒኩ ዘበኛ ቦርሳ ሲፈትሽ ትራስ የሚያገኘው ከዚህች ሴት ብቻ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ታደርገውና ቀስ ብላ ትቀመጥበታለች፤ መቀመጫዋ ላይ ስብ የሚባል ነገር ስለሌለ እንጨቱ አጥንቷን ይወጋታል። ጉንጯ ጎድጉዶ፣ የክንዷ ደም ሥር ተገታትሮ ለሚያያት እህል የቀመሰች አትመስልም፤ እሷ ግን ተራዋ እስኪደርስ ዳቦ ስትገምጥ ነው የምትቆየው። ዱሮ ታላቅ እህቷ ደግፋ ታመጣት ነበር፤ አሁን ብቻዋን ናት።

ዛሬ ዘበኛውን አላስችል አለው።

«ልጄ፣ ምን አግኝቶሽ ነው እንዲህ ያለቅሽው?»

«ከበሽታ ሊጠብቀኝ የሚገባው የራሴው ሰውነት ነው ያጠቃሽ አሉኝ፣ አባባ። መጀመሪያ መገጣጠሚያዬን አሳበጠ፤ ቀጥሎ ስቤን ጠላት መስሎት ጨረሰው። ያው የቤቱን ሰው ሌባ ብሎ የሚደበድብ ዘበኛ በሉት፤ እርስዎን ማለቴ አይደለም እንግዲህ» ብላ ሳቀች።

ሽማግሌው አልሳቀም። «ይተላለፋል እንዴ?»

«አይተላለፍም። ሐኪሙ እህቴን አስቀምጦ ነግሯታል።» ዳቦውን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «ቤት ስንገባ ግን ብርጭቆዬን ለየችው። ለሰፈሩም ያልሆነውን አወራች።»

ስሟ ሲጠራ ትራሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተነሣች።

«ሰውነቴስ ሳያውቀኝ ነው፣ አባባ። እሷ ግን አዝላ ነው ያሳደገችኝ።»