ጣርማበር ላይ ያመለጠን ባንድ

መዘዞ ተመድበን ስናስተምር፣ እኔና ጓደኛዬ አንድ ቤት ተከራይተን፣ አንድ ሬዲዮ ገዝተን፣ አንድ ባንድ እናመልክ ነበር። ማምለክ ስል ማጋነኔ አይደለም። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ የእነሱ ሙዚቃ የሚሰማበት ሰዓት እስኪደርስ ዜና እንኳ አንከፍትም። የጊታሩን አገባብ፣ ዘፋኙ ትንፋሹን የሚስብበትን ቦታ፣ ሁሉን ለይተን እናውቃለን። የማናውቀው መልካቸውን ብቻ ነበር። ሬዲዮ መልክ አያሳይም።

ባንዱ ወደ ደሴ ሲያልፍ ደብረ ሲና ላይ እንደሚጫወት ከአንድ ሹፌር ሰማን። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለን። ጓደኛዬማ «እነሱን በዓይኔ ሳላይ ብሞት ዓይኔ አይከደንም» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ችግሩ፣ ደብረ ሲና ለመውረድ በጣርማበር ማለፍ ግድ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ እዚያ ሽፍታ ነጋዴ ገፈፈ ይባል ነበር። አከራያችን፣ ጠና ያሉ እናት፣ ደጃፍ ድረስ ሸኙን።

«ልጆቼ፣ ጠጉሩን ያጎፈረ ወንድ ካያችሁ ከመንገድ ውጡ። ወይ ሐዘንተኛ ነው፣ ወይ ባሕታዊ ነው፣ ወይ ሸፍቷል። ተሰብስበው ካያችኋቸው ግን ሐዘን አይደለም» አሉን።

እየሳቅን ወጣን። ሳቃችን ግን ጣርማበር ድረስ አልዘለቀም። ከገደሉ ሥር የተነሣ ጉም በጠራራ ቀን መንገዱን ዋጠው። እጄን ብዘረጋ ጣቴ አይታየኝም። መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ልንደርስ ስንል ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለና ሰዎች ታዩን። ሁሉም ጎፈሬ ናቸው፤ ጎፈሬያቸው እንቅብ ያህላል። አንደኛው ጥቁር ረጅም ነገር በትከሻው አንግቷል። ጓደኛዬን ጎትቼ ከአስታ ቁጥቋጦ ኋላ ጣልሁትና አጠገቡ ወደቅሁ።

«የሰው ያለህ! እባካችሁ፣ ሰው የለም?» ሲል አንዱ ተጣራ።

ሽፍታ መንገደኛን ከተደበቀበት የሚያወጣው እንዲህ የተቸገረ መስሎ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ ተጣራ። ከእነሱ ኋላ ጉሙ ውስጥ ሞተር ያጓራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ያጓራል። የነጋዴ መኪና ቀምተው መንዳት አቅቷቸው ነው ብዬ ደመደምሁ። ፍርሃት ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም።

ከዚያ ሞተሩ ዝም አለ። በዝምታው መሐል ቀጭን የጊታር ድምፅ መጣ፤ ብርድ ያደነዘዘውን ጣቱን የሚያፍታታ ሰው ዓይነት። ቀጥሎ አንዱ ማንጎራጎር ጀመረ። የእኛ ዘፈን ነው። ትንፋሹን የሳበውም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ጓደኛዬ ብድግ ሊል ሲል ኮቱን ጨምድጄ ያዝሁት።

«እነሱ ናቸው እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሽፍታስ ሬዲዮ አይሰማም?»

«ድምፁንስ ከየት ያመጣዋል?»

«ዝም በል፤ ታስገድለናለህ።»

አላመነኝም፤ ግን እሱም ፈርቶ ስለነበር ከቁጥቋጦው አልወጣም።

በኋላ ከደብረ ሲና በኩል አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ወጣ። ሹፌሩ ቆሞ ሲጠይቃቸው ሁሉንም ሰማን። ጎማቸው ቦይ ውስጥ ገብቷል፤ ብቻቸውን ሲታገሉ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ መኪናው አልንቀሳቀስ ብሏል።

«ሁለት ገፊ ብናገኝ ይሄኔ ደብረ ሲና ነበርን» አለ ያ ሲያንጎራጉር የሰማነው ድምፅ። «ይሄ አገር ሰው የለውም እንዴ?»

ሹፌሩ ወደ አዲስ አበባ ጎትቶ ሊመልሳቸው ተስማማና መኪናቸውን በሰንሰለት ማሰር ጀመሩ። ያኔም ቢሆን መውጣት እንችል ነበር። ግን «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ቢሉን ምን እንመልሳለን? ሽፍታ ፈርተን ተደበቅን፤ አሁን ደግሞ መታየትን ፈራን። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኛ ለማን እንደተረፍን ግን እንጃ። የሰንሰለቱ ኳኳታ ከጉሙ ጋር እስኪጠፋ ድረስ ከቁጥቋጦው ኋላ አልተነሣንም።

ቤት ስንደርስ አከራያችን በራፍ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«እሰይ ልጆቼ፣ ሽፍታ አላገኛችሁም?»

«አላገኘንም፣ እማማ» አለ ጓደኛዬ።

ባንዱ በዚያ መንገድ ተመልሶ አልመጣም፤ ብዙም ሳይቆይ ተበተነ ሲባል ሰማን። ከጣርማበር በተመለስን ሰሞን ግን ሬዲዮው ያንኑ ዘፈን ለቀቀው። ጊታሩ ገባ፣ ዘፋኙም ትንፋሹን ሳበ። እኔ ግጥሙን አልጠበቅሁም። «ሰው የለም?» ብሎ የሚጣራ ነበር የመሰለኝ። ጓደኛዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ እጁን ሰደደና ሬዲዮውን ዘጋው።