በራሷ የምትሮጠውን መኪና ይዘን ወደ ቁስቋም

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ጉለሌ

ጎህ ሲቀድ መሥሪያ ቤታችን ግቢ ደረስኩ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ የአጥሩን ባሕር ዛፍ እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። ሦስት ሰዎች ቀድመውኝ መጥተው አንዲት ነጭ መኪና ከበው ቆመዋል። የሚዋጋ በሬ እንደሚያይ ሰው ሁሉም ራቅ ብለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ይህች መኪና የቀጨኔን ዳገት ስትወጣ ድንገት መፍጠን ጀመረች። ሹፌሩ ጋሽ ወልደየስ «ፍሬን ብረግጥም እምቢ አለችኝ» ይላሉ። መንገድ ስታ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ግድግዳ ጋር ተላትማ ቆመች። ሰው አልተጎዳም። መሥሪያ ቤቱ ግን «መኪና በራሷ አትሮጥም፣ ይህ አሻጥር ነው» አለ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ «አሻጥር» የሚለው ቃል ስሙ አጠገብ የተጻፈበት ሰው ማታ ቤቱ ለመግባቱ ማንም ዋስ አይሆነውም።

ስለዚህ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ታፈሰ ነው። የቴክኒክ አባሉ መካኒኩ ሸምሱ ሲሆን፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ እኔ ነኝ። መኪናዋን በዚያው መንገድ ይዘን ወጥተን በራሷ ትሮጥ እንደሆነ በዓይናችን አይተን እንድንመለስ ታዘናል። ካልሮጠች ጋሽ ወልደየስ ያልቅላቸዋል።

እርሳቸው ካፖርታቸውን ደርበው፣ በዘንቢል ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና በሶ ይዘው ነው የመጡት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ከዚያው ከወሰዱኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

አንድ ሰዓት፣ ወደ ቀጨኔ

መንገዱ ጠባብና ኮረኮንች ነው። ሸክላ ሠሪዎች ጀበናቸውን በር ላይ ደርድረው ለፀሐይ ሰጥተዋል። ጋሽ ወልደየስ ጭናቸው ላይ እንቁላል ያስቀመጡ ይመስል ነው የሚነዱት። ሁለት የጭነት አህዮች ቀደሙን። ቀጥሎ ባለቤታቸው ቀደመን፤ ሲያልፍም ባርኔጣውን አነሳልን።

«ፈጠን በል እንጂ» አለ ከኋላ ጓድ ታፈሰ።

«መፍጠን አይደል እዚህ ያደረሰኝ፣ ጓድ?»

ኅብረት ሱቁ ጋ ስንደርስ ሰው መኪናዋን አውቋት ተበተነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግድግዳውን አሳየን፤ ትንሽ ተቦጭቋል።

«ግድግዳው ይቅር፤ ወረፋውን ማን ይመልስልን?» አለ።

ጉዳዩ ከባድ ነበር። ሰው ለስኳር ወረፋ ሲይዝ ድንጋይ፣ ጣሳ ወይም ያረጀ ጫማ በቦታው አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። መኪናዋ የበታተነችው ያንን የድንጋይ ሰልፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ከማን እንደሚቀድም የሚያውቅ ጠፍቶ ስኳሩ ሳይታደል ቀርቷል። ጓድ ታፈሰ «ቅሬታ ያለው ያስመዝግብ» ሲል ሃያ ስድስት ሰዎች ተራ በተራ መጡና ሃያ ስድስቱም አንደኛ እንደነበሩ አስመዘገቡ። ጻፍኩ።

አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መኪናዋን ነካ አደረጉ። «የተወረሰች ናት?»

«አዎ፣ የአንድ ባላባት ነበረች» አላቸው ሸምሱ።

«እንግዲያ ወደ ቤቷ መሄድ አምሯት ነው።»

ጓድ ታፈሰ ወደ እኔ ዞሮ «ይህን አትጻፊ» አለኝ።

ዳገቱን ሦስት ጊዜ ወጣን፣ ሦስት ጊዜ ወረድን። መኪናዋ እንደ ደብር አለቃ ተረጋግታ ሄደች። ጓድ ታፈሰም በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ባሰው ወደ ቁስቋም ዳገት እንድንቀጥል አዘዘ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሽሮ ሜዳ

ሸማው በየበሩ ተሰቅሏል፤ የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ድምፅ ከየቤቱ ይሰማል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም። ፓስቲው ትኩስ ስለነበረ ጓድ ታፈሰ ምላሱን አቃጠለ።

የጋሽ ወልደየስ ቤት ከሻይ ቤቱ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ባለቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ እዚያ ጥጥ ይፈትላሉ።

«ገብተው ሰላም አይሏቸውም?» አልኩ።

«ከገባሁ መሰናበት ይሆንብኛል» አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አራታችንም፣ ጓድ ታፈሰ ሳይቀር፣ መኪናዋ ይዛን እንድትሮጥ እየተመኘን ነበር። እኔማ ለእመቤቴ ተሳልኩ። ገደል ብቻ እንዳይሆን ብዬ ጨመርኩበት።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የቁስቋም ዳገት

ጓድ ታፈሰ መኪናዋን አስቆመና ሹፌሩን አስወረደ።

«እኔ እነዳለሁ። ጉድለቱ የመኪናዋ ከሆነ በእኔም እጅ ትሮጣለች። ካልሮጠች ጥፋቱ ያንተ ነው።»

ጋሽ ወልደየስ ከኋላ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ዘንቢላቸውን አቅፈዋል። ሸምሱ ከፊት፣ ከካድሬው አጠገብ ነው። ዳገቱ ሲከብድ ጓድ ታፈሰ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናዋ ወጣች። ሜዳው ላይ ስንደርስ እግሩን ሲያነሳ በዓይኔ አየሁ፤ መኪናዋ ግን መፍጠኗን አልተወችም። ሞተሩ ጮኸ። ዛፎቹ በመስኮት በኩል መሮጥ ጀመሩ።

«ቀስ በል!» አለው ሸምሱ።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ጓድ ታፈሰ።

በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ደስ ያለኝም እንደዚሁ። ጋሽ ወልደየስ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላሉ። ከፊታችን ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን መንገድ ዳር አውርደው፣ ራሳቸው ከማዶ ጥላ ሥር አርፈዋል። ሸምሱ በአንድ እጁ መሪውን ወደ ቅጠሉ ጠመዘዘ፣ በሌላው ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ እስከ መስኮታችን ገብተን ቆምን።

ከዚያ ጓድ ታፈሰ በቀጭን ድምፅ «ፍሬን ነበር የረገጥኩት» አለ።

«አውቃለሁ፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

ሸምሱ ወለሉ ላይ ተደፍቶ ብዙ ቆየ። ሲነሣ በእጁ ወፍራም ምንጣፍ ይዟል።

«ይኸው። ተጨማድዶ ወደ ፊት ሄዷል። ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስትረግጠው ጠርዙ ይይዘዋል፣ አይመለስም። ጋሽ ወልደየስ ጠዋት ፈርተው በቀስታ ስለነዱ አልያዘም። የነዳጅ መመለሻው ስፕሪንግም ደክሟል። ሦስተኛ ደግሞ...» አለና የጓድ ታፈሰን ጫማ አየ። «ሰው ሲደነግጥ ፍሬን የረገጠ እየመሰለው ነዳጅ ይረግጣል። እሱን እኔም መለየት አልችልም።»

«ሦስተኛው አይጻፍ» አለ ጓድ ታፈሰ።

ምንጣፉን ከሁለት ሳምንት በፊት ለበላይ ባለሥልጣን ጉብኝት ያስነጠፈው እርሱ ራሱ መሆኑን አራታችንም እናውቃለን። እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁት። አስቦ አስቦ እንዲህ አስጻፈኝ፦ «ከመኪናዋ ወለል ላይ አመጣጡ ያልታወቀ ተጨማሪ ጨርቅ ተገኝቷል። ሹፌሩ ጥፋት የለበትም።» ቅጠል ላይ ተቀምጠን ሁላችንም ፈረምን። ሴቶቹ ሸክማቸውን እንድናስርላቸው ጠየቁን፤ ኮሚቴው ከሰብሳቢው ጀምሮ ቅጠል አሰረ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ መልስ

ምንጣፉ ወጥቷል፣ ስፕሪንጉን ሸምሱ በሽቦ አጥብቆታል። ቢሆንም ከጋሽ ወልደየስ በቀር መኪናዋ ውስጥ የገባ አልነበረም። እርሳቸው ብቻቸውን በአንደኛ ማርሽ ይነዳሉ፤ እኛ ከኋላ አንገታችንን ደፍተን በእግር እንከተላለን። በየደጁ ሰው ብድግ እያለ ባርኔጣውን ያወልቃል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእኛ ጋር መሄድ ጀመረች፤ ሌሎችም ተከተሏት። «ማን ናቸው ያረፉት?» ብላ ስትጠይቀኝ «ማንም» አልኳት፤ መከተሏን ግን አልተወችም።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ወይዘሮ በላይነሽ ደጃፍ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ያዩት ተከታዩን ሕዝብ ነው። እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ። ጋሽ ወልደየስ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«እኔ ነኝ፣ በላይነሽ። እኔ ነኝ የምነዳው።»

ሴትዮዋ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ ታዲያ ለምን በእግራችሁ?»

«አየሩ ደስ ስላለን ነው» አለ ጓድ ታፈሰ።

ጋሽ ወልደየስ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፤ ቁልፉንም በሁለት እጃቸው ይዘው ለጓድ ታፈሰ ዘረጉለት። እርሱ ቁልፉን አየና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እርስዎ ጋ ይሁን» አላቸው።