መጀመሪያ ራሳቸው ይቅመሱ

የአራት ዓመት ልጄ የምትተነፍሰው አፏን ከፍታ ነበር። ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ አንዳንዴ ትንፋሿ ቆም ሲል የእኔም አብሮ ይቆማል። የሆስፒታሉ ሐኪም ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለው ሥጋ አብጧልና በኦፕሬሽን ይውጣ አለ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። መንገድ ለሚሠሩ ቻይናዎች ሾፌር ስለነበር፣ «የእነሱ የባህል ሐኪም ካዛንቺስ አለ፤ ያለ ቢላ ያድናታል» ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ቅቤ ስገዛ እንኳ ሙዝ ተቀላቅሎበት ይሆን ብዬ የምጠረጥር የቂርቆስ ልጅ ነኝ። ቻይናዊው ሐኪም በአስተርጓሚያቸው በኩል ጠያይቀውን፣ የልጄን ምላስ አይተው፣ የእጇን የደም ምት በጣታቸው ሲያዳምጡ ቆዩና ደረቅ ቅጠልና ሥር በወረቀት ቋጠሩልን። አንዱን ልጣጭ አውቀዋለሁ፤ ቀረፋ ነው። ሌላውን እግዜር ይወቀው። እዚያው የፈላ ጥቁር ውሃ በኩባያ ለልጄ ሲዘረጉላት እጄን ጣልቃ አስገባሁ።

«መጀመሪያ ራሳቸው ይቅመሱ በያቸው» አልኳት አስተርጓሚዋን።

«እንዴ እህቴ! ማለቴ... ዶክተር እኮ ናቸው!»

«ይሁኑ። እኛ ጋ ጠላ እንኳ ሲቀዳ ቀጂዋ ቀምሳ ነው የምትሰጠው። በቃ በያቸው።»

ሐኪሙ ስቀው ግጥም አድርገው ጠጡት። ባለቤቴ በሐፍረት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ ግን ምንም እንዳልሆኑ ሳይ ልቤ አረፈና መድኃኒቱን ታቅፌ ወጣሁ።

በማር እያባበልኩ አጠጣኋት። ማንኮራፋቱ አልቀረም። ጭራሽ እልኸኛ ሆነች፤ ስጠራት ዝም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፎ መዋል ብቻ። ይሄ ቅጠል ጭንቅላቷን ነክቷታል ብዬ እየተንጨረጨርኩ ይዣት ተመለስኩ።

ሐኪሙ ቁጣዬን ችለው ሰሙኝ። ከዚያ ከልጄ ጀርባ ቆመው የመድኃኒት ወረቀት አንኮሻኮሹ። አልዞረችም። ጠጋ ብለው ደገሙት። አሁንም አልዞረችም።

«ያበጠው ሥጋ ጆሮዋንም ሳይዘጋው አልቀረም ይላሉ» አለች አስተርጓሚዋ። «በእሳቸው ቅጠል የሚሆን አይደለም፤ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዷት።»

ያኔም ጠረጠርኩ፤ ነገሩ ሲበላሽባቸው ሊገላገሉን ነው አልኩ። ግን ልጄ ሳትዞር ስትቀር በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚያው ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ባለቤቴም ከዚያ ወዲያ ስለ ቢላ አላነሳም።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። ከሳምንታት በኋላ ምሳ እያቀረብኩ፣ እንደለመድኩት ከማጀት ሆኜ በኃይል ጠራኋት። አፏን ገጥማ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ለምንድነው የምትጮኺብኝ?»