ፊሽካው ከፋለ እጅ ሲገባ

ከፋለ ላሊበላ ውስጥ በአስጎብኚነት ሃያ ዓመት ሠርቷል። እሁድ ከሰዓት ግን ሥራው ሜዳ ዳር ቆሞ ዳኛ መስደብ ነበር። ዘንድሮ የአስጎብኚዎች ቡድን ዋንጫውን ለመውሰድ ከባጃጅ ነጂዎች ጋር አቻ መውጣት ብቻ ይበቃው ስለነበር፣ ለመጨረሻው ጨዋታ ድምፁን ቆጥቦ መጣ።

ከእረፍት በኋላ አስጎብኚዎቹ ግብ አገቡ። ዳኛዋ ወይንሸት ናት፤ በሥራ ቀን ሆቴል ውስጥ እንግዳ የምትቀበል ልጅ። «ከጨዋታ ውጭ ነው» ብላ ግቡን ሻረችው። ከፋለ ሜዳው መሃል ገባ።

«ዓይንሽ የት ነበር?»

«ጋሼ ከፋለ፣ የእርስዎ ዓይን ከተሻለ ፊሽካው ይኸው» አለችና ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችለት።

ቀልዷን ነበር። ተመልካቹ ግን አጨበጨበ፤ እሱም ወደ ኋላ ማለት አሳፍሮት ተቀበላት።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የአስጎብኚዎቹ ተከላካይ ግብ ክልል ውስጥ ኳሷን በእጁ መታት። ሰው ሁሉ ወደ ከፋለ ዞረ። ወይንሸትን ቢያያት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። ጨነቀው፤ በመጨረሻ ነፋ። ባጃጅ ነጂዎቹ ፍጹም ቅጣት ምቱን አገቡና ዋንጫውን ወሰዱ።

የሥራ ጓደኞቹ ሳምንት ሙሉ ሰላም አላሉትም። ገና በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ዳገቱን ሲወጣ አንድ ባጃጅ አጠገቡ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይግቡ፤ ለእርስዎ በነጻ ነው።»

«ሂድልኝ ባክህ፣ ሰው እንዳያየን» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ በእግሩ ቀጠለ።