አምስት ልጆች፣ አራት መቀመጫ

መበየጃውን ሳሞቅ የሚወጣው የእርሳስና የሙጫ ጭስ አፍንጫዬን ሲነካኝ አምስቱም ልጆች አንድ ላይ ይመጡብኛል። ዛሬም መጡ። አንተ «ትምህርት ቤት ውስጥ የሮቦት ቡድን ላቋቁም ነው፤ ልጆቹን እንዴት ልምረጥ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ምክር ከመስጠቴ በፊት የበፊቶቹ እነማን እንደነበሩ ልንገርህ።

መጀመሪያ ልጄ ነበረች። ሽቦ የምታገናኘው እሷ ነበረች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። ቀጥላ የቤሌዋ ልጅ። ቤሌ ከምትባል ሩቅ ከተማ መጥታ ሶዶ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ማሽኑ የሚታዘዝበትን ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ ነበረች። የፓስተሩ ልጅ ሥራውን ለዳኞች የሚያስረዳ አፈ ጮሌ ነበር። ከዚያ የብረታ ብረት ነጋዴው መንታ ልጆች፤ ጎማውንና አካሉን የሚሠሩ፣ አንዱ የጀመረውን ወሬ ሌላው የሚጨርስ። የሚመራቸው ከደሴ ተመድቦ የመጣ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋ ልጅ አባት ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የሬዲዮና የስልክ ጥገናን እያበላሸሁ የተማርኩ ሰው።

ትምህርት ቤቱ መብራት እየሄደበት ስላስቸገራቸው ከሰዓት በኋላ የሚሠሩት እኔ ሱቅ ነበር። እኔ ባትሪ ነበረኝ። ሱቄ እንደምታያት ከመናኸሪያው ጀርባ ናት። በበልግ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እነሱ ጠረጴዛዬን ከበው ሮቦታቸውን፣ ትንሿን ጋሪ፣ ጥቁር መስመር ላይ ያስኬዷት ነበር። መስመሩን ራሷ እያየች ሄዳ ሳጥን ማንሳት፣ ሳጥኑንም ቦታው ላይ ማድረስ ነበረባት። ስትስት ይጮሃሉ፣ ስትደርስም ይጮሃሉ። እኔ ጩኸት አልወድም፤ እቆጣቸው ነበር። የዚያን ጊዜ ጩኸት ዛሬ ቢሸጥ ግን እገዛው ነበር።

የመኪና ረዳቶቹ ውጭ «ቤሌ! ቤሌ! አንድ ሰው!» ብለው ሲጣሩ መንትዮቹ ወዲያው የቤሌዋን ልጅ ይጀምሯታል።

«ተጠራሽ እኮ! ሂጂ እንጂ!»

«እናንተን ሁለታችሁን በአንድ ሰው ሒሳብ ከጫኑ አብረን እንሄዳለን» ትላቸዋለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

ልጄ ትስቃለች። ልጄ የምትስቀው እሷ ስትናገር ብቻ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይበሉ፣ በአንድ ወንበር ይቀመጡ ነበር።

ለውድድሩ አዲስ አበባ ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው አዘጋጆቹ ለመምህሩ ደወሉለት። ከአንድ ትምህርት ቤት አራት ተማሪ ብቻ ነው የምንቀበለው አሉት። ቅዳሜ ከሰዓት ወላጆች ተጠራን። ክፍሉ የጠመኔና የረጠበ ልብስ ሽታ ነበረው። ልጆቹ ኋላ ተቀምጠዋል። ከቤሌዋ ልጅ ወላጆች ማንም አልመጣም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጊዜውም የእርሻ ጊዜ ነበር።

መምህሩ አስቦበት ነበር የመጣው። መንትዮቹ የሚሠሩት ሥራ አንድ ስለሆነ ከእነሱ አንዱ ይቅር አለ።

ነጋዴው ተነሳ። «መምህር፣ ከአንድ ሆድ የወጡትን ልጆች በምን ሚዛን ነው የምትለያቸው? ቆርቆሮው የኔ! ጎማው የኔ!»

«ጋሼ፣ እኔ ሥራውን አይቼ ነው እንጂ...»

«እንግዲያው የፓስተሩን ልጅ አስቀራ! የሚወዳደረው ማሽን ነው ወይስ ስብከት?»

ሰው ሳቀ። ፓስተሩ አልሳቀም። «ወንድሜ፣ የሚያስረዳለት የሌለውን ማሽን የትኛው ዳኛ ያየዋል?» አለ።

«እሺ፣ የቤሌዋስ? ወላጇ እንኳ አልመጣላትም!»

ልጅቷ ኋላ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። «የሌለ ሰው ድርሻ አይነካም!» አልኩ። ድምፄ ጠንከር ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መምህሩ በምስጋና አየኝ። ፓስተሩ ግን ንግግሬን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው።

«ልክ ነህ። አንተ በየጊፋታው የሰፈራችንን በሬ ታካፍላለህ። በአንተ ቅር ያለው ሰው የለም። ይህንንም እንደዚያው አድርግልን።»

አንተ ለአገሩ እንግዳ ስለሆንክ ላስረዳህ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ አጠራቅሞ በሬ ይገዛል። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደረደራል። እያንዳንዱ ባለድርሻ ከኪሱ ቁልፍም ሆነ እንጨት፣ አንድ ነገር ለአካፋዩ ይሰጣል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ይጠራና፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መደቦቹ ላይ ያስቀምጣል። ዕቃህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። ማጉረምረም የለም፣ መለዋወጥም የለም። በሐዘን ወይም በሕመም የቀረ ሰው ካለ በእሱ ፈንታ ዕቃ የሚያስገባው አካፋዩ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ስሜን አትርፌያለሁ። ባለሥልጣንም ሆነ ቀን ሠራተኛ፣ በእኔ እጅ እኩል ነው።

«ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም» አለ መምህሩ፣ ቀስ ብሎ።

«ከአድልዎ ዕጣ ይሻላል» አለ ነጋዴው።

ወላጆች ሁሉ ተስማሙ። እኔም ተስማማሁ። መምህሩ የያዘውን ጠመኔ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ተቀመጠ። ሰው ሲረታ እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

አምስት ዴስክ ወደፊት ሳብን። በአንዱ ላይ በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት አደረግሁ፤ ዕቃው እዚያ ያረፈ ልጅ ይቀራል። ልጆቹ አንድ አንድ ነገር ባርኔጣዬ ውስጥ ጣሉ። ልጄ የጸጉር ማሰሪያዋን፣ የፓስተሩ ልጅ ቁልፍ፣ መንትዮቹ አንዱ ሳንቲም አንዱ ላጲስ፣ የቤሌዋ ልጅ የብዕሯን ክዳን። ውጭ የቆመውን ዘበኛ ጠራሁት። ባርኔጣውን ተቀብሎ ግራ ገባው።

«የትኛውን የት ላድርግ?»

«እጅህ እንዳዘዘህ» አልኩት።

ቁልፉን አስቀመጠ። ሳንቲሙን አስቀመጠ። ላጲሱንም። የቀሩት ሁለት ዴስኮች ነበሩ፤ አንዱ ምልክት ያለበት። እጁን ከተተና የልጄን የጸጉር ማሰሪያ አወጣ። ምልክቱ ያለበት ዴስክ ላይ እጁ ቆመ። ስንት በሬ ሳካፍል አንድም ቀን ለራሴ መደብ ጸልዬ አላውቅም፤ ያን ቀን ጸለይኩ። እጁ አለፈና ማሰሪያውን ባዶው ላይ አኖረው። እፎይ አልኩ። የተነፈስኩት ትንፋሽ ሳያልቅ ባርኔጣው ውስጥ የቀረው የማን እንደሆነ ገባኝ። ዘበኛው የብዕር ክዳኑን ምልክቱ ላይ አስቀመጠና ስለ ድካሙ የሚመሰገን መስሎት ዞር ዞር ብሎ አየን።

መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ፕሮግራሙን የጻፈችው እኮ እሷ ናት» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ልጄ ተነሳች። «እኔ ልቅር። እሷ ትሂድ።»

«ተቀመጪ። ዕጣ አይለወጥም።»

«አዋ!» አለች። አዋ በእኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው። እንደዚያ ጮክ ብላ በሰው ፊት ጠርታኝ አታውቅም።

ለምን እንቢ እንዳልኩ ልንገርህ። ያን ቀን ለልጄ ጓደኛ ብለን ብንለውጥ ነጋዴውም ለልጁ ለውጡልኝ ይላል፣ ፓስተሩም ይላል። የሰፈሩ ሰው የሚያምነው እጄ ለአንድ ጊዜ ከታጠፈ ዳግም አይቃናም። ይህን ዛሬም አምናለሁ። ሰው ቃሉን የሚጠብቀው ሲጠቅመው ብቻ ከሆነ ጠበቀ አይባልም።

ጭቅጭቁን ያቆመችው የቤሌዋ ልጅ ናት። መጥታ ክዳኗን አነሳችና ብዕሯ ላይ ገጠመችው። «ተዪው፣ ዕጣው ወጥቷል» አለቻት ልጄን፣ በወላይትኛ።

በቀሩት ቀናት ሱቄ ዝም አለች። የቤሌዋ ልጅ አልቀረችም፤ በየቀኑ እየመጣች የምታውቀውን ለአራቱ ታስተምር ነበር። ይህን ቁጥር ስትጨምሩ ይፈጥናል፣ ይህን ስትቀንሱ ይዞራል። መንትዮቹ አልቀለዱም። ረዳቱ «ቤሌ!» ሲል ማንም ቀና አላለም። ልጄ ቤት ውስጥ ሳህኔን ታቀርባለች፣ ውኃ ታስታጥበኛለች፣ አታናግረኝም። እናቷ «ልጅቷን አናግራት» ብትለኝ፣ «ያጠፋሁት ነገር ካለ እሷ ትንገረኝ» አልኩ።

ነገረችኝ። በሚሄዱበት ዋዜማ፣ ሱቁን ስንዘጋ፣ ቁልፉን እያቀበለችኝ።

«አዋ፣ በሬ ስታካፍሉ ዕጣው የሚጣለው መቼ ነው?»

«ሥጋው መደብ ከያዘ በኋላ።»

«መደቡስ ላይ ምን አለ?»

«ከሁሉም ብልት። ከጉበቱም፣ ከጎድኑም፣ ከሽንጡም ለሁሉም እኩል ይቆረጣል።»

«እኛን ግን ሳትቆርጡ ነው ዕጣ የጣላችሁብን» አለችኝ። «አንዱ መደብ ላይ ጉበት ብቻ፣ አንዱ ላይ ምላስ ብቻ። አሁን እሷ በዚህ በጥቂት ቀን ራሷን እየቆረጠች ለአራታችን ታድለናለች።»

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። «መንገድ አለብሽ፣ ተኚ» አልኳት።

በውድድሩ ቀን የቤሌዋ ልጅ በጠዋት ሱቄ መጣች፤ ዩኒፎርሟ በደንብ ተተኩሷል። «ጋሼ፣ እዚህ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ልቀመጥ?» አለችኝ። ወንበር ሰጠኋት። ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ አንድ ስልክ ፈትቼ ብሎኖቹ የት የት እንደነበሩ ጠፋኝ።

የመጀመሪያውን ዙር አልፈናል ብላ ልጄ ጻፈችላት። ልጅቷ በዝግታ ፈገግ አለች። ሁለተኛው ዙር በሌላ አዳራሽ ነበር። ስልኩ ሲጠራ ሁለታችንም ተነሳን።

«መስመሩን አታይም! እዚህ መብራቱ ኃይለኛ ነው፣ ወለሉ ያበራል! ጥቂት ደቂቃ ነው የሰጡን!» የልጄ ድምፅ ነው፣ እኔም ድረስ ይሰማል።

«አትደንግጪ። ያን የብርሃኑን ቁጥር አውጪው። ስንት ይላል?»

ልጄ ቁጥሩን መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ተቆራረጠ። ተቋረጠ። የቤሌዋ ልጅ ደግማ ደወለች፤ አይሠራም። ያንኑ ጊዜ መብራት ሄደ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ወፍጮ ድምፁ እየሞተ ሄዶ ቆመ፣ የስልኩ ኔትወርክም ጨርሶ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ሌላ ስልክ አለ?»

መሳቢያዬን ጎትቼ የሰው ስልክ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የሚነሳውንም የማይነሳውንም ሞከርን። በር ላይ ወጣች፣ መንገዱን ተሻግራ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ቆመች። ከሱቄ ሆኜ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግታ አያታለሁ፤ ረዳቶቹ «ነይ፣ እዚህ ይስባል!» እያሉ ይቀልዱባታል። ለመዳን የምትለምን እንጂ ለጨዋታ የምትደውል አትመስልም ነበር።

ሲገናኙ ከሩቅ አወቅሁ፤ እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ብዙም አላወራችም። ተመልሳ መጣች።

«ጨረሱ?» አልኳት።

«አለቀ፣ ጋሼ። መሐል ላይ ቆመችባቸው።» ስልኩን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጌታ ይመስገን፣ በሰላም ይመለሱ» አለች። ከዚያ ያፈሰስኳቸውን የሰው ስልኮች አንድ በአንድ ወደ መሳቢያው መለሰችልኝ።

እንግዲህ ያስከፈለንን ልደምርልህ። የአውቶቡሱንና የምግቡን አልቆጥርም። መምህሩ ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፤ ሊሰናበተኝ መጥቶ አላማረረኝም፤ ባማረረኝ ይሻለኝ ነበር። ነጋዴው መንትዮቹን «ጨዋታው ይበቃል» ብሎ ሱቁ አስገባቸው። የፓስተሩ ልጅ ጠቅልሎ ወደ መዝሙሩ ሄደ። ቡድኑን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ሰፈሬ ዛሬም በሬውን በእኔ እጅ ያካፍላል፤ እምነቱ አልተነካም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ሩቅ። ስትመጣ ልጅ ለአባቱ የሚያደርገውን ሁሉ ታደርግልኛለች። የቤሌዋ ልጅ ነርስ ሆናለች። ወደ ቤሌ ስታልፍ አውቶቡሱ እስኪሞላ ሱቄ በር ላይ ቆማ በሁለት እጇ ትጨብጠኛለች። ቁጥራቸው በየስልካቸው አለ። ግን አይደዋወሉም። አንደኛዋ «ጋሼ፣ እሷ እንዴት ናት? ደህና ናት?» ትለኛለች። ሌላዋ ከሩቅ ደውላ ከእናቷ ጋር ስትጨርስ ስልኩን ለአዋ ስጪልኝ ትልና፣ «አዋ፣ በዚያ በኩል አልፋ ታውቃለች? ከሳች?» ትለኛለች።

ደህና ናት እላለሁ፣ ለሁለቱም።